የኋላ ወንበር

ጽጌ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከመኪና ወድቃ ሞተች። ሃያ ዓመቷ ነበር። እሑድ ተቀበረች። ማክሰኞ፣ በሰልስቷ፣ ለቀስተኛው ንፍሮ እየቃመ «ራሷ ናት የዘለለች» ማለት ጀመረ።

አገርነሽ ሰማች። የጽጌ ታላቅ እህት ናት፤ ለቀስተኛው የተቀመጠውም በእሷና በባሏ በክንዱ ቤት ነው። ጓዳ ሆና ሻይ በጆግ ስትሞላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት የቀበሌ ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ጤነኛ ሰው የሚሄድ መኪና በር ይከፍታል?»

«ፋብሪካ ውስጥ አንድ ወንድ ነበራት አሉ። ትቷት ነው የሚሉ አሉ።»

«እንዲህ ከሆነማ ቄሶቹ እንዴት ፈቷት?»

«መች አወቁና። አርባዋን ግን እንጃ።»

አገርነሽ መጋረጃውን ገለጠችና ጆጉን አቀበለቻቸው።

«ስኳሩ በራሽን ነው» አለች። «ወሬው ግን እንደልብ ነው፤ ጠጡ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

በሩን ከፈተችው የሚለውን ነገር ያመጣው ክንዱ ነው። መኪናውን የነዳው እሱ ነበርና ቅዳሜ ለትራፊክ ፖሊሱ «ራሷ ከፈተችው፤ ምን እንደታያት እንጃ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። አገርነሽ ከፊት ተቀምጣ ወደ ሐይቁ ዞራ ነበር፤ ስትጠየቅ «አላየሁም» አለች። እውነቷን ነው። ፖሊሱም ሁኔታዋን አይቶ፣ «ለቅሶው በረድ ሲል መጥተሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ» ብሎ ለቀቃት።

ከዚያ ወዲህ እናታቸው እማማ የብርጓል እህል አልቀመሱም። ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«ለምን ከፈተችው? ልጄ ምን ጎደለባት?»

የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ ያልፋል።

ጽጌ የሚጎድልባት ሰው አልነበረችም። ፋብሪካ በገባች በሦስተኛ ወሯ ብስክሌት ገዝታ እየነዳች ከተፍ አለች። እማማ የብርጓል «ሴት ልጅ ብረት ላይ ተፈናጣ» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ከገበያ የሚመልሳቸው አጡና ከኋላዋ ተፈናጠጡ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው።

«ማን መሆኔን ለሰው እንዳትናገሪ።»

«ጎመን ነው የጫንሁት እላለሁ።»

«ጎመን እግር አለው?»

«የባሕር ዳር ጎመን አለው።»

ቤት ሲደርሱ እናትየው ከብስክሌቱ መውረድ አቅቷቸው ይስቁ ነበር። ይቺ ናት በሩን ከፍታ ዘለለች የተባለችው።

ከሰዓት በኋላ ኑርሑሴን መጣ። ክንዱ መካኒክ በሆነበት ጋራዥ በያጅ ነው። ሐሙስ ማታ ወረታ ወርዶ፣ የታመሙ እናቱን ሲያስታምም ሰንብቶ ሳይሰማ ቀረ። የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ነው ከአውቶቡስ ወርዶ የመጣ። ድንኳን ከመግባቱ በፊት እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር አገርነሽ ውኃ አፈሰሰችለት።

«አላህ ያጥናሽ፣ እትየ አገርነሽ። ከኋላ ተቀምጣ ወደቀች ሲሉ አሁን ገና መነኻሪያ ሰማሁ። በየትኛው መኪና ነው?»

«በፈረንጁ ቮልስ።»

እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ውኃው በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ።

«ከኋላ ምን ላይ ተቀምጣ?»

«ወንበር ላይ ነዋ።»

«ወንበር የለውም እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልሱ ከጎኑ በር ያለው ሚኒባስ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሆላንዳዊ የዓሣ ባለሙያ። ሰውየው እስከ ጎርጎራ በሐይቁ ዳር እየዞረ መኪናው ውስጥ ማደር አማረው። ከኋላ አልጋ ይግባልኝ፣ ምድጃ ይግባልኝ፣ መጋረጃ ይግባልኝ አለና መኪናውን ለክንዱ አስረክቦ አዲስ አበባ ሄደ። አልጋ እንዲገባ ደግሞ የኋላ ወንበር መውጣት አለበት።

«ሐሙስ ለት አወጣነው» አለ ኑርሑሴን። «ቡሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉ። ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚይዙትን አራቱን ብረቶች እኔው በመጋዝ ቆረጥኋቸው። ጉጣቸውንም ሞርጄ እንደ መዳፍ አለሰለስሁት፤ አልጋው እንዲያርፍበት። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፌ ነው የሄድሁ።»

«ክንዱ ያውቃል?»

«አብረን አይደል የሠራነው? እንዲያውም አልጋው እስኪገባ ሰው እንዳትጭንበት ብየዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹አሞኛል እንዴ› አለኝ።»

አገርነሽ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

«እንዲያው ሳይታሰር ቢቀመጥስ፣ ምን ይሆናል?»

ኑርሑሴን ወደ ድንኳኑ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እግሩ።

«መሪ ተጠምዝዞ ፍሬን ሲያዝ ወንበሩ ከነሰው ወደ ጎን ይሄዳል፣ እትየ። የበሩ መያዣ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ያን ክብደት አይችልም። በሩን የከፈተው ወንበሩ ነው።»

አገርነሽ አልጮኸችም። ፍሬኑን አስታወሰች። በከተማው መውጫ ያለውን ድልድይ አልፈው ብዙም ሳይርቁ አህያ መንገድ ገባች፤ ክንዱ መሪውን ጠምዝዞ ፍሬን ያዘ። ከኋላ አንድ ትልቅ ነገር ሲንሸራተት ሰምታለች። ጀሪካኑ ነው ብላ ነበር። ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ክንዱ ወንድም ቤት ክርስትና ጠላ ይዘው እየሄዱ ነበርና።

ሌላም ነገር አስታወሰች። ያኛው ባሰባት።

ቅዳሜ ጠዋት ክንዱ ቮልሱን ደጃፍ አምጥቶ ሲያቆም፣ ጽጌ ቀድማ ከፊት ገብታ ተቀመጠች።

«ውረጅ» አላት ክንዱ። «ከኋላ ግቢ። እህትሽን መኪና ያማታል።»

«ከመቼ ወዲህ? ጎንደር ድረስ ሽንኩርት ላይ ተቀምጣ ሄዳ የለ?»

«ዛሬ ያማታል አልሁሽ።»

«እንግዲያ ሦስታችንም ከፊት እንሁን።»

«ድልድዩ ላይ ጥበቃዎቹ ያስወርዱናል። ግቢ፣ ረፈደ።»

ጽጌ ወረደች። ስታልፍ አገርነሽን በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ «ባልሽ ዛሬ ሙሽራ አደረገሽ» አለቻት። ከኋላ ገባች። በሩ ከባድ ነው፤ ክንዱ ራሱ ከውጭ ገፍቶ ዘጋላት።

አገርነሽን መኪና አሟት አያውቅም። ግን ዝም አለች፤ ደስ ብሏት ነዋ። በስምንት ዓመት ትዳር ክንዱ ደከመሽ ወይ፣ በላሽ ወይ ብሎ የጠየቃት በጣት ይቆጠራል። ያቺን ቃል ይዛ ነው ድልድዩን የተሻገረች። ቀብር ላይ እንኳ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ ይሄ ሰው ለካ ያስብልኛል የሚል ነገር በልቧ ሽው ብሎ ነበር። በዚያ ተጽናናች።

ክንዱን ከድንኳን ወደ ጓሮ አስጠራችው። ዓይኑ አብጦ መጣ። ከሁሉ ይልቅ ሲያለቅስ የከረመው እሱ ነው።

«ወንበሩን በምን አሰርኸው?»

ማንን እንዳነጋገረች ወዲያው ገባው። ኑርሑሴን ውልቅ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄዷል።

«በገመድ ሸብቤው ነበር» አለ። «እንጨትም ሸጉጬበታለሁ። ሐሙሲት ቅርብ ነው ብየ።»

«ቅርብ ከሆነ እኔን ለምን ከፊት አስቀመጥኸኝ?»

ጎንበስ ብሎ መሬት ያስቀመጠችውን ጣሳ አነሣ።

«መኪና አያመኝም፣ ክንዱ።»

«አንቺ የልጆቼ እናት ነሽ። ምን ላድርግ?»

«በአውቶቡስ እንሂድ ማለት ነዋ።»

«ወንድሜ ለአገሩ ሁሉ በመኪና ይመጣል ብሎ አውርቶ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «በአውቶቡስ ተጋፍቼ ልውረድ?»

አገርነሽ አየችው። ይህን ሰው ለስምንት ዓመት አብልታዋለች፣ አጥባለታለች። የጽጌን እግር ይዞ ወደ መቃብር ያወረደውም እሱ ነው።

«እሺ፣ ይሁን፤ ጥጋብ ነው። ግን ከሞተች በኋላ በሩን ለምን በእሷ ላይ አላከክህ?»

«እሷ ሞታለች። የሞተ ሰው አይታሰርም፤ እኔ ግን እታሰራለሁ። ሁለት ልጅ ማን ያሳድግልሻል? አንቺ ብቻ አላየሁም ብለሽ ዝም በይ። እውነትሽን ነው፤ አላየሽማ።»

«እናቴን አላየሃትም?»

«ይረሱታል።»

«ዘላ ነው እየተባለ ነው።»

«ወሬ ነው፣ ያልፋል።» ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። «ለአንቺ አስቤ እኮ ነው።»

እጁን ከላይዋ አነሣችና ወደ ቤት ገባች።

ቤቱ ሴት ሞልቶታል። እናቷ አጠገብ፣ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች። በጆሯቸው ነገረቻቸው። አራቱን ብረት፣ ገመዱን፣ ከፊት ከኋላ የተባለውን፣ ሁሉንም። ሴቶቹ ለመስማት አንገታቸውን ቢሰግጉም አልሰሙም።

እማማ የብርጓል ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዲያ አልከፈተችውም?»

«አልከፈተችውም፣ እምየ። ጀሪካኑን በእግሯ ይዛ አርፋ ተቀምጣ ነበር።»

«አርፋ ተቀምጣ።»

«አዎ።»

አሮጊቷ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ከጭናቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያመጡልኝ አንድ እግር ጫማዋን ነው» አሉ። «ሌላው የለም።»

«እዚያው መንገዱ ላይ ይሆናል።»

«ሰው ይረግጠዋል።»

አገርነሽ ተነሣች። የቤት ሐዘንተኛ ለቅሶው ሳይነሣ ከደጅ አይወጣም፤ በድንኳኑ መካከል ስታልፍ ወንዶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ክንዱ ቦታው ተመልሶ ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ጫማዋን ላመጣ።»

ተወጥሮ የነበረው ትከሻው ሲወርድ አየችው።

«ሰው እንላክ እንጂ።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። የትራፊክ ፖሊሱ ቢሮ ከድልድዩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ እዚያ ገባች።