ድንጋይ የሚይዝ ጎማ

ለስላሳው ነው እንግዲህ፣ ወይስ ይሄ ደረቁ፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከሻይ ሳህን የማይበልጡ፣ ሁለቱም አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ የሚሸቱ፣ እሷ ደግሞ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆማ ውላ አሁንም ቆማለች፣ ክርኗን የሱቁ ባንኮኒ ላይ ጥላ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዛ፣ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው ጨመቅ ለቀቅ ታደርጋለች። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ጥግ ላይ አንድ ወንበር አለ፣ ግን ከተቀመጠች አትነሳም፣ ራሷን ታውቃለች፣ ስለዚህ ቁሚ፣ ምረጪና ሂጂ።

ምረጪ። በቀን ስንቴ ነው የምትመርጠው፣ ጠዋት የባሏን ሸሚዝ፣ ቁልፉ ትልቅ የሆነውን፣ በግራ እጁ ብቻ እንዲቆልፈው፣ ከዚያ ቁርሱን፣ ለማኘክ የማያስቸግረውን፣ ከዚያ ትራሱ በየት በኩል ይሁን፣ ከዚያ የምትሠራበት ሆስፒታል ላውንደሪ ገብታ ይሄ አንሶላ እድፉ ይለቃል ይሄ አይለቅም ስትል ትውላለች፣ አሁን ደግሞ ጎማ። የአሻንጉሊት ጎማ።

አሻንጉሊት አይደለም። ይሄን ቃል ከአፏ ያወጣች ቀን ሁለት ቀን ሙሉ ነው የተኮረፈችው፣ አሻንጉሊት አይደለም አላት፣ ድንጋይ የሚወጣ መኪና ነው፣ ፍጥነት የለውም፣ ፍጥነት ምን ሊያደርግለት፣ ቀስ ብሎ በሪሞት አለት የሚወጣ መኪና ነው፣ አንቺ አይገባሽም። እሺ፣ አልገባኝም። ወንድሙ ነው ያመጣለት፣ በካርቶን፣ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁነው ብሎ፣ እሷም ልቧ ውስጥ ስቃ ነበር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ እየጎተተ ዳገት የወጣ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት በመኪናው ዙሪያ እየዞረ አስራ ስምንቱንም ጎማ በብረት እየመታ ድምፁን ሰምቶ ይሄ ያደርሰኛል ይሄ አያደርሰኝም የሚል ሰው፣ ሳሎን ተቀምጦ ይቺን የጫማ ካርቶን የምታህል ነገር ሊነዳ ነው ብላ። አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉ። ይኸው አስራ አራት ወር።

ታካሚው የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት በየዕለቱ በዝግታና በቁጥጥር ቢያንስ ለአርባ ደቂቃ እንዲያንቀሳቅሱ ይመከራል፣ ይላል የፊዚዮቴራፒስቷ ወረቀት፣ መምከር ቀላል ነው፣ እንዲጨምቀው የላስቲክ ኳስ ቢሰጡት በመስኮት ወረወረው፣ ጣት እያነሱ መጣል የተባለውንም እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ብሎ ተወው። ይቺ መኪና ናት ጣቱን ያስነሳችው። ሪሞቱ እንደ ሽጉጥ ቃታ አለው፣ ቃታው ሌባ ጣት ላይ ነው፣ በፀጉር ልክ ካልሳቡት መኪናው ዘሎ ይገለበጣል፣ እና ያ ሞቶ የነበረ ጣት፣ እሷ በዓይኗ አይታዋለች፣ አንድ ከሰዓት በፀጉር ልክ ሳበ። ወጥ ቤት ገብታ የውሃውን ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። ድንጋዩንም ያመጣችለት እሷ ናት፣ ዘንቢል ሙሉ ድንጋይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ጎረቤት ወጥታ ምንድን ነው እሱ ስትላት፣ ድንጋይ፣ ምን ሊያደርግልሽ፣ ለባሌ። እንግዲህ ያቺ ሴት ምን ብላ እንዳወራች አምላክ ይወቀው።

እህቴ፣ ይላታል ባለሱቁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ የአርባ ዓመት ሰው፣ ለስላሳው ድንጋዩን እቅፍ ነው የሚያደርገው፣ ውስጡ ስፖንጅ አለ፣ ሲጫኑት እንደ ድንጋዩ ቅርፅ ይሆናል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ ያልቃል። ደረቁስ? ደረቁ ዕድሜ አለው፣ ለአቧራ ለአሸዋ አሪፍ ነው፣ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ግን እየተንሸራተተ ሙድ ይይዝብሻል። ያ ትልቁስ? ትልቁ ከፍታ ይሰጣል፣ ሆዱ ድንጋይ አይነካም፣ ችግሩ ትንሽ ጋደል ሲል ግልብጥ ነው፣ ለጀማሪ አልመክርም። ጀማሪ። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ጀማሪ።

ቶሎ ያልቃል የሚለውን ቃል አልወደደችውም። ጎማውን አገላብጣ ጥርሱን ታያለች፣ የለስላሳው ጥርስ ሰፋ ሰፋ ብሎ መሃሉ ተሰንጥቋል፣ የደረቁ ጠበቅ ጠበቅ ያለ ነው፣ ጨርቅ ቢሆን ታውቅበት ነበር፣ ጨርቅ ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣት ሃምሳ እጥበት ይችላል ሃያ እጥበት ይችላል ትላለች፣ ጎማ ግን። የድሮው ጎማ ከመኪናው ጋር የመጣው ነው፣ የሳሎኑ ሲሚንቶ በልቶት ጥርሱ ሙልጭ ብሏል፣ ዘጠኝ ቀን አንድ ድንጋይ ላይ እየወጣ ተንሸራተተ፣ ዘጠኝ ቀን፣ እሁድ ዕለት ሪሞቱን ትራስ ስር ከቶ በቃኝ አለ። ጣቱም መልሶ ታጠፈ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ የሚመለሰው ነገር ትንሽ ነው ብላታለች ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ኮሪደር ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሱ እንዳይሰማ።

ለማን ነው ግን፣ ይላል ባለሱቁ፣ ለልጅ? ለባለቤቴ ነው፣ ሹፌር ነበር፣ ቀኝ እጁን ታሞ ቤት ነው የሚውለው። ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ ያወርዳል፣ ያያታል፣ ቆይ፣ ጋሽ ሹፌር ናቸው እንዴ፣ ከዘራ የሚይዙት? እሱ አይደለም፣ ባለቤቴ ከቤት አይወጣም፣ ደረጃ አይችልም። ግራጫ ሹራብ፣ ይላል ባለሱቁ፣ አንገቱ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋ።

በሰማያዊ ክር የሰፋችው እሷ ናት። ግራጫ ክር ስላልነበራት።

ማክሰኞ መጥተው ነበር፣ ይላል፣ ያለፈው ሳምንትም፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ጎማውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጫኑና፣ የቱን ልስጥዎ ስላቸው ላስብበት ብለው ይሄዳሉ። ይናገራል፣ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለች፣ እሷ ግን ደረጃው ላይ ናት፣ ሃምሳ አራት ደረጃ፣ የጋዙን ሲሊንደር ተሸክማ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን፣ ቆሻሻውን፣ ድንጋዩን፣ ያለፈው ወር ለሐኪም ቀጠሮ ሁለት የሰፈር ጎልማሶች ለምና በወንበር ተሸክመው ሲያወርዱት እሷ ከኋላ ከዘራውን ይዛ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳው እንዳይመታው፣ እሱም እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እና ለካ ይወርዳል። ለካ እኔን ሥራ ሸኝቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ይወርዳል። እኔስ ሰው አይደለሁም፣ ወገብ የለኝም፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻውን ይዞ ቢወርድ ምን ነበረበት፣ አስመሳይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሰው ቤት ሆኖም መንገድ አላጣም።

እኔ ነግሬሽ ጥፋት ሠራሁ መሰለኝ፣ ይላል ባለሱቁ፣ ለቤት እንዳይነገር ብለውኝ ነበር። ለምን? ጎማ መደርደሪያ ላይ ሲያስተካክል ይቆያል። መጀመሪያ የመጡ ቀን ወድቀው ነው የመጡት፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ደም፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ወደ ቤት ልደውል ብላቸው በፍጹም አሉ፣ ባለቤቴ ካወቀች ትይዘኛለች አሉ።

ትይዘኛለች።

አልጋው መታኝ ብሏት ነበር ጉልበቱን፣ እሷም በአልኮል ጠርጋ፣ ምነው አታስተውልም ብላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ክንዱን ትይዛለች፣ ከዚያም በፊት ትይዛለች፣ ቀስ፣ ቀስ ትላለች፣ አፏ ሌላ ቃል የረሳ ይመስል፣ ማንኪያው ከመውደቁ በፊት ትይዛለች፣ ብርጭቆውን፣ እጅጌውን፣ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ፣ ቃል ሲጠፋው ቀድማ ትሞላለታለች፣ ምን ላድርግ፣ ሲወድቅ ቆሜ ልይ? ቆማ ማየት አትችልም። ሥራ ስትሆን ነው እንግዲህ መውደቅ የሚችለው።

ለስላሳውን አራቱን ስጠኝ፣ ትላለች። ጋሽ ሹፌር ለኔ ደረቁ ነው ይላሉ እኮ፣ ይላል ባለሱቁ፣ ለስላሳ ለሰነፍ ነው ይላሉ፣ ግን ዓይናቸው ለስላሳው ላይ ነው። ለስላሳውን ስጠኝ። ካልተስማማ ይቀየራል? ሳይሠራበት ከሆነ ይቀየራል፣ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነን።

ደረጃው ስር ትቆማለች። አስር ሰዓት አልፏል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እስከ አራተኛው ደረጃ ወጥታለች። መደገፊያው ብረት በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ሲወርዱ በግራ፣ ሲወጡ በቀኝ፣ ይሄን እስከ ዛሬ አላየችውም፣ አንድም ቀን። መውረዱስ እሺ፣ በደህና እጁ ይይዛል። መውጣቱስ? በቀኙ ምን ይዞ? ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች፣ ብረቱን በግራ እጇ ትይዝና ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ትወጣለች፣ ተረከዟ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ሌላ አንድ፣ ጎማ ያለበት ፌስታል ጉልበቷን ይመታታል፣ ሌላ አንድ። እንደዚህ ነው የሚወጣው። ሃምሳ አራቱን፣ የኋሊት፣ የሚሄድበትን ሳያይ። ያቺው ጎረቤት ከላይ ትወርዳለች፣ ቆማ ታያታለች፣ ምነው፣ ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ ጎማ ገዝቼ ነው። ጎረቤቷ ግድግዳውን ተጠግታ ታልፋለች።

በሩን ስትከፍት መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፣ ሹራቡን ለብሶ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተረሳ ዕቃ። ቆየሽ። ሱቅ ገብቼ ነው። የምን ሱቅ? ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ጎማዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ እሱ አይነካቸውም፣ ያያቸዋል፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ይሄዳል፣ ለስላሳውን ነው ያመጣሽው፣ ይላል። አዎ። ማን መረጠው? እኔ። ደረቁ ነበር የሚሻለው። እንጃ፣ እኔ አንሶላ ነው የማውቀው። መንገድ ላይ ከባድ መኪና ማርሽ ይቀይራል፣ የሱ ግራ እግር ሳያስበው ወለሉን ጫን ያደርጋል። በግራ እጁ አንዱን ጎማ ይወስዳል፣ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይሄ ቶሎ ያልቃል፣ ይላል። ነግሮኛል። እና?

እና ካልተስማማህ መልሰው።

ቀና ይላል። ማን ነው የሚመልሰው?

አንተ ነሃ፣ ሱቁን ታውቀዋለህ፣ እስከ አስራ ሁለት ነው የሚከፍተው።

አስራ አራት ወር ሙሉ ፊቱን እንዲህ አላየችውም፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ልጅ፣ እንደ ድሮው ሰውዬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ። ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ቃሉ ይጠፋዋል፣ ከንፈሩ ይፈልጋል፣ ቃሉን እሷ ታውቀዋለች፣ ጥርሷ ላይ ነው፣ ነክሳ ትይዘዋለች፣ ትጠብቃለች፣ የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። ተ... ይላል፣ ተቆጣሽ? ተቆጣሁ፣ በጣም፣ ነገ ቆሻሻውን ይዘህ ትወርዳለህ። እሺ። ብትወድቅ፣ ትላለች፣ ብትወድቅ፣ አልይዝህም። እሺ፣ ይላል።

መኝታ ቤት ትገባለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንሶላው ይቆሽሻል ትል ነበር። ከሳሎን የፌስታል ድምፅ፣ ሲታሰር፣ በአንድ እጅና በጥርስ መሆን አለበት፣ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ከዚያ ከዘራው፣ ከዚያ በሩ። ተነሺ ይላታል እግሯ፣ ቀስ በለው ይላታል አፏ፣ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ትይዛለች። ከዘራው፣ ከፌስታሉ ጋር ብረቱን በያዘው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ መሆን አለበት፣ ደረጃው ላይ ቷ ይላል፣ ዝም፣ ቷ፣ ዝም፣ ረጅም ዝም፣ ቷ። ጎረቤቷ ተመልሳ እየወጣች ነው መሰል፣ አንድ ነገር ትለዋለች፣ እሱም ይመልሳል፣ ምን እንዳለ አይሰማም፣ ሴትዮዋ ትስቃለች። ድምፁ እየራቀ ይሄዳል፣ እጇ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ይላላል፣ ሊመልስ ይሁን ሊለውጥ፣ ወይም ለስላሳውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሰውየው ጋር ሲከራከር ሊያመሽ፣ የቱን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም፣ የሱ ጉዳይ ነው፣ ይምረጥ፣ የታችኛው የብረት በር ሲጢጥ ብሎ ይዘጋል፣ ወጣ፣ ደረቁንም ያምጣ ትልቁንም ያምጣ፣ ይገልበጥበት፣ ትራሱ ቀዝቃዛ ነው፣ እግሯ ጫማው ውስጥ ልብ አውጥቶ ይመታል፣ ዓይኗ ይከደናል፣ ራት ምን እንደሚ...