ካፖርት የለበሰው ኮምፒውተር

ልብስ ሰፊዋ ኮምፒውተሯን አቧራ እንዳይበላው ብላ ከሟች ባሏ ካፖርት ወፍራም ሽፋን ሰፋችለት። እየሠራም ቢሆን ታለብሰው ነበር። አንድ ቀን በሙቀት ታፍኖ ጸጥ ሲል፣ እንደ ሕፃን አቅፋው ወደ ጠጋኙ ሮጠች። "የባሌ ድምፅ የተቀዳው እዚህ ውስጥ ነው፣ አድንልኝ!" አለችው።

"እትዬ፣ ብርድ እንዳይመታው ነው?" አለ ጠጋኙ ሽፋኑን እየገፈፈ። "ይኼም እኮ አየር ይፈልጋል! ለመሆኑ ድምፁን ሌላ ቦታ ገልብጠውታል?"

"ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ዕቃ የት ይሄድብኛል ብዬ!"

የጠጋኙ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ቀጭ፣ ቀጭ አለና ቆመ። ደጋግሞ ሞከረ።

"አልሆነም፣ እትዬ።"

ሽፋኑን ከጠረጴዛው አንስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"በገዛ ካፖርቱ አፈንኩት" አለች።