ሙሽራዋን ያላደረሰች ፔጆ

ባለታክሲው ቡራሌ፣ ልጆቼ፣ ፔጆውን ከልጅ ለይቶ አያያትም ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ እንደሷ ያጌጠች መኪና አልነበረችም። ከፊቷ ቢጫ መብራት፣ ከጎኗ አረንጓዴ፤ ውስጧ ማራገቢያና ቴፕ፤ አናቷ ላይ እንደ መርከብ የሚያንባርቅ ጥሩምባ። ከጅቡቲ አዲስ ነገር በገባ ቁጥር ገዝቶ ይገጥማል።

ሚስቱ ዳሃቦ፣ “አቦ ቡራሌ፣ ይህን ሁሉ የሚያበላው አንድ ባትሪ አይደለም እንዴ?” ስትለው፣

“ይቺ ሚጢጢ መብራት ምን ትበላለች?” ይላታል።

እውነቱን ነው፤ አንዷ ብቻዋን ምንም አትበላም። ስለ እያንዳንዷ እንዲሁ እያለ ነው መኪናዋን የሞላት። ጠዋት ጠዋት እያቃሰተች መነሳት ስትጀምርም “ብርድ ነው” አለ። የድሬዳዋ ብርድ!

የሟች ጓደኛው የወልደ ማርያም ልጅ ሰርካዲስ ልታገባ ሆነ። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች የዘመድ መኪና ልትለምን ስትነሳ ቡራሌ ተቆጣ።

“ወላሂ ከኔ መኪና ሌላ አትገባም! አባቷ ቢኖር ማንን ይጠራ ነበር?”

በሰርጉ ዕለት ፔጆዋን በሙሽራዋ ደጃፍ ላይ አቆመ። ሽማግሌዎቹ መርቀው እስኪጨርሱ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋ። መብራቱን፣ ቴፑን፣ ማራገቢያውን ግን አላጠፋም፤ ሰው ይይለት እንጂ። ምርቃቱም ረዘመ።

ሙሽሮቹ ገቡ። ቁልፉን ቢያዞር ፔጆዋ “ቸክ” ብላ ቀረች። ዘፈኑ እንደ በሽተኛ ድምፅ ተጎትቶ ተጎትቶ ዝም አለ። እልልታውም አብሮት ቀዘቀዘ።

ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ገፉ። ተነሳች፤ መብራቱ ቦግ፣ ቴፑ ጯ አለ፤ መታጠፊያው ላይ እንደገና ጸጥ።

“ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ብታጠፋውስ?” አለች ሰርካዲስ ቀስ ብላ።

እጁን ቢሰድ የቱ ማጥፊያ የቱን እንደሚያጠፋ ጠፋው። ላብ አጠመቀው።

“ጥሩምባዋን ንፋላትና ትንቃ!” አለ አንዱ ከበረንዳ ላይ። ሰፈሩ ሳቀ።

ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ከባሏ ጋር ጋሪ ላይ ወጣች። እስከ ሙሽራው ሰፈር እስከ ሳቢያን በአቧራ ሄዱ። ቡራሌ መሪውን እንደያዘ ቀረ፤ ድግሱ ላይም አልታየም። ፔጆዋን አስገፍቶ እቤቱ ካስገባ በኋላ የገጠመውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀለ፤ ባትሪውንም አስሞላ። ዳሃቦ የተነቀለውን በካርቶን ሰበሰበችለት።

የመልሱ ዕለት ሙሽራው አየነው የቡራሌ ደጅ መጣ።

“እናቷ ቤት የሚያደርሰን ጋሼ ነው ብላለች ሰርካዲስ።”

“በየትኛው ፊቴ?”

“ካልመጣ በእግሬ እሄዳለሁ ብላለች።”

ቁልፉን አዞረ። ፔጆዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ልጆቼ፣ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረው። እንዲህ መሄድ የምትችለውን መኪና እሱ ራሱ ነበር ያደከማት።

ሰርካዲስ ገብታ ጌጦቹ የተነቀሉባቸውን ቀዳዳዎች አየች።

“ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ እንዲህ ነበረች” አለች። እሱ በስፖኪዮ ሊያያት አልደፈረም።

እናቷ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል።

“ጋሼ፣ ጥሩምባ ንፋ እንጂ።”

“ነቅዬዋለሁ።”

“የድሮዋስ?”

የድሮዋን ተጫናት። በቀጭን ድምፅ “ጲጵ” አለች። እልልታው ቀለጠ። ቡራሌ እልልታው እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ መሪውን ያብስ ነበር።