የአባዬ እምቢታ

አባቴ መሸሻ በሰው ቤት ምግብ ሲቀርብለት ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እጁን አይታጠብም። በመጀመሪያው «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። በሁለተኛው «ምን ይህን ያህል አስቸገራችሁ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ሳህኑ ላይ ነው። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ እጅጌውን ይሰበስብና ከባለቤቶቹ የበለጠ ይበላል። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ «አባዬ ግብዣ የሚወስደው እንደ መድኃኒት ነው፤ ሦስት ጊዜ» እያልኩ እተርበዋለሁ። እሱም «ሰርካለም፣ አንቺ እኮ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረብሽም» ይለኛል።

ሚስተር ሰንዳውላ ይህን አያውቁም። ከየት ያውቃሉ? ከኡጋንዳ ነው የመጡት።

ሚስተር ሰንዳውላ የወንድሜ የኖህ አማት ሊሆኑ ነው። ኖህ ካምፓላ ሥራ ከያዘ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚያው የእሳቸውን ልጅ ወደደ፤ ሠርጉም በሚመጣው ወር ነው። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው የምትገባበትን ቤተሰብ በዓይናቸው ሳያዩ መዳር አልፈለጉም። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በእንግድነት መጥተው እንኳ አልጋቸውን ራሳቸው የሚያነጥፉ። ኖህ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻቸውን መጡ፤ ሳምንቱን ሙሉም ከተማውን አዞርናቸው። እኔ አስተርጓሚ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ቶለሳ በአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናቸው ሹፌር፣ አባዬ ደግሞ አዛዥ ነበር።

የጋሽ ቶለሳ ባለቤት እትዬ ሾዴ በየማዕዱ እየጠቀለሉ «በሞቴ!» ሲሏቸው፣ ሚስተር ሰንዳውላ በሁለተኛው ቀን ትርጉሙን ጠየቁኝ። «ካልጎረሱልኝ ልሙት ማለት ነው» አልኳቸው። ሰውየው ደንግጠው ከዚያ ወዲህ የቀረበላቸውን ሁሉ መብላት ጀመሩ።

የመጨረሻውን ቀን አባዬ ለእንጦጦ አስቀምጦት ነበር። ጠዋት እንጦጦ፣ ከሰዓት ቁስቋም ቤታችን የመሸኛ ግብዣ፣ ማታ አውሮፕላን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ እትዬ ሾዴ ገና ከማለዳው እኛ ቤት ገብተው ሽንኩርት ሲያቁላሉ ነበር።

አባዬ ግን ለዚያ ቀን የራሱም ጉዳይ ነበረው። ከሁለት ወር በፊት «የጡረታ ጉዳይ አለኝ» ብሎ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ከቤት ወጣ። ለጡረታ ጉዳይ ማን ፀጉሩን ይስተካከላል? ቆይቼ ቡፌው ላይ ያለውን የእማዬን ፎቶ ስወለውል ከጀርባው አዲስ ፓስፖርት አገኘሁ። አባዬ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል፤ ከአገር ግን ወጥቶ አያውቅም። እማዬ፣ አፀደ፣ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «ለኖህ ሠርግ ከሁለታችን አንዳችን እንቁምለት» ብላው ነበር።

ኖህማ ና ብሎታል። አባዬ ግን ደንብ አለው፤ የሴቷ አባት በራሱ አንደበት ካልጠራ፣ የወንዱ አባት ዘው ብሎ የአማች ቤት አይገባም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ያችን ጥሪ ሲጠብቅ ከረመ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ፓስፖርቱን ከእማዬ ፎቶ ጀርባ አውጥቶ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሲከተው አየሁት። ያየሁት አልመሰለውም።

ዲኤክሷ የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር አባዬም ጀመረ።

«ቶለሳ፣ ማርሽ ቀንስ።»

«መሸሻ፣ አንተ ጡረታ ወጥተሃል። ማኪናዋ የኔ ናት።»

«ማርሽ ቀንስ ነው ያልኩህ፣ ልታፈላብን ነው።»

አፈላች። ጋሽ ቶለሳ ኮፈኑን ከፍተው ውኃ ሲጨምሩ፣ አባዬ እጁን ኋላው አጣምሮ ምንም ሳይናገር ቆመ። ዝም ማለቱ ከመናገሩ የባሰ ነበር። ሚስተር ሰንዳውላ በበኩላቸው ባሕር ዛፍ ተሸክመው ቁልቁል ለሚወርዱት ሴቶች ሁሉ ባርኔጣቸውን እያነሱ ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ አባዬ በሩን ተሳለመ፤ ሚስተር ሰንዳውላም አይተው እንደዚያው አደረጉ። ሙዚየሙንም አየን። ከዚያ አየሩ ስለሳሳባቸው ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር አረፍ አልን። ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ቆይተው ወደ አባዬ ዞሩ።

«አቶ መሸሻ፣ ይህን ለመጨረሻው ቀን ያቆየሁት አስቤበት ነው። ለልጆቻችን ሠርግ ካምፓላ ይምጡልኝ። የቤቴ እንግዳ ይሁኑ።»

ተረጎምኩ። የአባዬ ፊት በራ። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ከዚያ አፉ ተከፈተ፤ የአባዬ አፍ ደግሞ ከልቡ ጋር ተማክሮ አያውቅም።

«አይ፣ አይ፣ አይ! ምን በወጣዎት! በሠርግ ጣጣ ላይ የኔ የሽማግሌው ደግሞ ተጨምሮ! ይቅርብዎት፤ እኔ እዚሁ ሆኜ እመርቃቸዋለሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩና ሁለተኛውን ግብዣ ለመተርጎም ተዘጋጀሁ።

ሚስተር ሰንዳውላ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ገብቶኛል» አሉ። «ሰው እምቢ ካለ መነዝነዝ ነውር ነው። አርባ ዓመት ተማሪዎቼን ያስተማርኩት ይህን ነው። ሁለተኛ አላነሳብዎትም።» የአባዬን እጅ በአክብሮት ጨበጡና የእንጦጦን ዛፎች ፎቶ ሊያነሱ ሄዱ።

«ምን አሉ?» አለኝ አባዬ።

«እሺ አሉ።»

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ ይቅር አሉ።»

«በቃ? እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

አባዬ ዛፉ ሥር ቁጭ አለ። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። «ልንገራቸው?» አልኩት። «ሁለተኛ ይጠይቁት፣ የኛ ሰው እንደዚህ ነው ልበላቸው?»

«ወዮልሽ! ለምኖ መጣ ልታስብዪኝ? ስለዚህ ሠርግ ትንፍሽ ብትዪ የእናትሽ አጥንት ይፋረድሽ። ማይ!»

ማልኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ያለው ጉብኝት የጉብኝት ወግ አልነበረውም። አባዬ ሳይለምን ሊጋበዝ ዘመቻ ከፈተ። መኪና ውስጥ «ካምፓላ በሚመጣው ወር ይበርዳል? ማለቴ... ኮት ያስፈልጋል?» አለ። ሚስተር ሰንዳውላ ስለ ዝናቡና ስለ ሐይቃቸው እስከ ቁልቁለቱ ድረስ አስተማሩን። ለካ የጂኦግራፊ መምህርም ነበሩ።

ሽሮ ሜዳ ወርደን ለሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ ስንገዛ አባዬ ጨርቁን እየዳሰሰ «ይኼ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ሲከርም ይጨማደዳል። ሰው በእጁ ይዞ ቢያደርሰው ነበር የሚሻለው» አለ፤ ሰው የሚለውንም ጠበቅ አድርጎ። ተረጎምኩ። ሚስተር ሰንዳውላ ቀሚሱን ተቀብለው፣ ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ አንድም መስመር ሳይዛነፍ አጠፉትና «እኔ ልብስ ማጠፍ እችልበታለሁ፤ አይስጉ» አሉት። ባለሱቋ አጨበጨበችላቸው። አባዬ አላጨበጨበም።

ቁስቋም ስንደርስ፣ ከቤታችን በላይ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ መኪናዋን አስቆመና «ካምፓላ በየት በኩል ነው?» አለ። ሚስተር ሰንዳውላ ከከተማው ባሻገር ወዳለው ተራራ ጠቆሙት። አባዬ ብዙ ቆሞ አየ።

ጋሽ ቶለሳ ጠጋ ብለው «አንተ ሰው፣ ለምን እሺ አላልክም?» አሉት፤ ለካ እሳቸውም ሰምተዋል።

«ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ!»

«ታዲያ አሁን ሂድና በለው።»

«አልለምንም አልኩ።» ድምፁ ወረደ። «ቶለሳ፣ ያ ልጅ ሲያገባ የማንን ጉልበት ሊስም ነው? የሷ አባትና እናት ተቀምጠው፣ በእሱ በኩል ባዶ ወንበር?»

ጋሽ ቶለሳ የሚተርቡበት ነገር አላጡም ነበር፤ ግን አልተረቡትም። በመሐላ የታሰርኩትን እኔን፣ በይሉኝታ የታሰረውን አባቴንና በጨዋነት የታሰሩትን እንግዳ ይዛ ዲኤክሷ ወደ ቤት ወረደች።

እትዬ ሾዴ ቤቱን አሳምረውት ጠበቁን። ዶሮው፣ ጥብሱ፣ አይቡ፣ ጠጁ አንዱም አልቀረም። ሁለት ጎረቤቶችም ተጠርተዋል። ሚስተር ሰንዳውላ በሉ፤ ደግመው በሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» አሉ። እትዬ ሾዴ አንድ ጭልፋ ጨመሩላቸው። «ኧረ በእውነት በቃኝ» ሲሉ ጋሽ ቶለሳ እንቁላሉን አደረጉላቸው። አባዬ እንኳ ሐዘኑ ላይ ሆኖ ፈረሰኛውን ከራሱ ፊት አንስቶ ወደ እሳቸው ገፋው።

ሚስተር ሰንዳውላ የተቆለለውን አዩና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ሰርካለም፣ ሳምንቱን ሙሉ በቃኝ ስል ሰምቶኝ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ሁሉም ሰምተዋል።»

«ታዲያ?»

ማሰብ ነበረብኝ። የማልኩት ስለ ሠርግ ነው። ስለ ምግብ አልማልኩም።

«እዚህ አገር ማዕድ ላይ የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም» አልኳቸው። «እንግዳው ላለማስቸገር ብሎ እምቢ ይላል። ጋባዡ ደግሞ ከልቡ መሆኑን የሚያሳየው ደጋግሞ ሲለምን ነው።»

«ጋባዡ ባንድ ጊዜ እሺ፣ ይቅር ካለስ?»

«ድሮም እንዲበላለት አልፈለገም ማለት ነው።»

እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው አዩት። አባዬ ከፊቱ ያለውን አጥንት እያገላበጠ ነበር እንጂ አልበላም፤ በግብዣ ላይ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

«የአባትሽ የጠዋቱ እምቢታስ?»

«እኔ የማወራው ስለ ዶሮው ብቻ ነው» አልኩ። «ምያለሁ።»

አርባ ዓመት የተማሪ ፊት ያነበበ ሰው ከዚህ በላይ አይነገረውም።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አለ አባዬ።

«ስለ ዶሮው ነው» አልኩት።

ሚስተር ሰንዳውላ ከወንበራቸው ተነሡ። «አቶ መሸሻ፣ ጠዋት በሚገባ አልጠየቅሁዎትም። ለሠርጉ ይምጡልኝ።»

ተረጎምኩ። ሁላችንም አባዬን አየን። አባዬ ቀና አለ፤ ዓይኑ እሺ አለ፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ ቀደመው።

«አይ፣ ኧረ ምን ሲደረግ! ለእኔ ብለው ይህን ያህል...»

ጋሽ ቶለሳ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። እትዬ ሾዴ «ወይኔ!» አሉ። እኔ መተርጎሙን ትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሚስተር ሰንዳውላ ግን ትርጉም አልጠበቁም። ከእንጀራው ቆረሱ፤ ከዶሮው ጨለፍ፣ ከአይቡ ቆንጠር አድርገው፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደተደረገባቸው ጠቀለሉና ጠረጴዛውን ዞረው አባዬ ፊት ቆሙ። የጥቅልሉ ትልቅነት የእትዬ ሾዴን ያስንቃል።

«ካምፓላ» አሉ። ቀጥለውም፣ ከሳምንቱ ማዕድ የተማሩትን ብቸኛ አማርኛ «በሞቴ!» አሉት።

አባዬ ያንን «አይ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እሳቸውም አጎረሱት።

አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ለማለት አፉ ቦታ አጣ። ያኝካል፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። በኋላ «በርበሬው ነው» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞክሯል። እያኘከ ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እትዬ ሾዴ እልልታቸውን ለቀቁት። አባዬ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰዶ ፓስፖርቱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠጁ ብርሌ አጠገብ አኖረው።

«አንተ ሌባ!» አሉ ጋሽ ቶለሳ። «ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ስትዞር ነበር?»

ወደ ቡፌው፣ ወደ እማዬ ፎቶ ሳላስበው ዞርኩ። ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም አለቀስኩ። ኖህ ሙሽሪትን ይዞ ጎንበስ ሲል የሚስመው ጉልበት አለ።

አባዬ በመጨረሻ ዋጠ። አፉን ጠረገና እንግዳውን ሽቅብ እያየ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«እንግዲህ ካላችሁ... አውሮፕላኑ ላይ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ይሁንልኝ። በመስኮት በኩል።»

እንባዬ አላስተረጉም አለኝ። ሚስተር ሰንዳውላ አንዴ አባዬን፣ አንዴ እኔን አዩና ደንግጠው ሌላ ጉርሻ ሊጠቀልሉ ወደ ማዕዱ ጎነበሱ።

«አሁንም እምቢ አለ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም» አልኳቸው። «ወንበር እየመረጠ ነው።»