ለኡሊ የተፈታ ጠጉር

የቤተ መንግሥቱ ጃንደረባ ዌይ የሐዘንተኞቹን ዝርዝር አንብቦ ጨርሶ ወረቀቱን ጠቅልሎ እጅጌው ውስጥ ሊከት ሲል፣ እመቤት ሳክዳ ከኡሊ ሬሳ ሣጥን አጠገብ እንደተቀመጠች አስቆመችው።

«መጨረሻውን ድገምልኝ።»

«ልጅ የላትም፤ ጠጉር የሚፈታላት የለም ነው የሚለው፣ እመቤቴ።»

ኡሊ ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነው። በማግስቱ ጠዋት ልብሷ ግቢው ውስጥ ይቃጠልና ሬሳዋ በኋላ በር ይወጣል። ልጅ ያላት ሴት ስትሞት ልጇ ጉትቾቿን አውልቃ፣ ጉንጉኗን ፈትታ፣ የመጀመሪያውን ቀሚስ ወደ እሳቱ ይዛ ትሄዳለች። ልጅ የሌላትን ደግሞ አንዷ ደንገጡር እንደነገሩ ትሸኛታለች። ወጉ ይኸው ነው።

ኡሊ ግን ልጅ ነበራት። ይህን የማያውቅ በግቢው ውስጥ የለም። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ደግሞ ዌይ ነው፤ የሦስት ቀን ሕፃን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ክፍል ወደ ሳክዳ እልፍኝ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። አሁን እንዲህ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ልጅ የላትም» ይላል!

ምን ያድርግ፤ መዝገቡ የሚለውን ነው ያነበበው። መዝገቡን እንዲያ ያስጻፈችው ደግሞ ሳክዳ ናት።

ኡሊ የሳክዳ ጠጉር አበጣሪ ነበረች። ሳክዳ ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀበረች። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እግራቸውን ከእልፍኟ እያሳጠሩ ሲመጡ፣ ሌላ ቁባት ከምትነጥቀኝ የራሴ ሰው ትሁን አለችና ኡሊን የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሳ ወደ እሳቸው ላከቻት። ኡሊ ፀነሰች፤ ትንሽ ማዕረግና አንዲት ጠባብ የኋላ ክፍል ተሰጣት። በዚያ ማዕረግ ላይ ያለች ሴት የንጉሥ ልጅ ማሳደግ አትችልም። ሳክዳ ሕፃኗን ለመነች፤ ተፈቀደላት። ኡሊ እምቢ ብትልስ ማን ሊሰማት!

ከሰዓት በኋላ የሌሎቹ እልፍኞች እመቤቶች መጡ። ትንሽ አለቀሱ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ከዚያ ሻይ ሲቀርብ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈሉ ወሬያቸውን ያዙ። አንዷ፣ ማበጠሪያ ይዛ ገብታ እመቤት ተብላ ሞተች፤ ሌላ ምን ትፈልግ ነበር አለች። ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነገ ማን ጠጉር ሊፈታላት ነው ስትል ጠየቀችና በዐይኗ ወደ በሩ ጠቆመች። ሳክዳ ሁሉንም ሰምታለች።

በበሩ የገባችው ቺቢን ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጉንጉኗ በቀይ ክር ታስሯል፤ እንደ ማንኛዋም የማንቹ ወገን ልጅ በየጆሮዋ ሦስት ሦስት ጉትቻ አንጠልጥላለች። ሻይ በወተት ይዛ መጣችና ሳክዳ ፊት አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

የልጅቷ ዐይን አብጧል። ኡሊን «አክስቴ» ነበር የምትላት። ማንም ፊት ለፊት ባይነግራትም፣ ያን ያህል አፍ ባለበት ግቢ ምን ተደብቆ ይቀራል? ታውቃለች። ወደ ሣጥኑ ግን አንዴም ቀና ብላ አላየችም፤ ሰው ያየኛል ብላ ፈርታ።

ሳክዳ የልጅቷን ጆሮዎች አየች። የሴት ልጅን ጆሮ የምትበሳው እናት ናት። ቺቢን አምስት ዓመት ሲሞላት ሳክዳ መርፌውን ይዛ እጇ አልታዘዝ አላትና ኡሊን አስጠራች። ኡሊ የጆሮዋን ጫፍ በሁለት የማሽላ ፍሬ መሐል አድርጋ እስኪሳሳና እስኪደነዝዝ አሸችው። እያንጎራጎረች አምስቱን በሳች። በስድስተኛው ልጅቷ ጮኸች። የኡሊ እጆች ሳታስበው ተዘረጉ። ወዲያው ግን ሰብሰብ አደረገቻቸውና የልጅቷን ትከሻ ይዛ አዞረቻት።

«ሂጂ፣ እናትሽ ጋ።»

ልጅቷ ሮጣ ሳክዳ ጉያ ገባች። እውነቱን ለመናገር ሳክዳን ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር።

ሻዩን ሳትነካው ዌይን ጠራችው።

«ወረቀቱን አውጣ። ልጇ ቺቢን ትፈታላታለች ብለህ ጻፍ።»

የሐብሐብ ፍሬው መፈልፈል ቆመ። ዌይ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገረ። «እመቤቴ፣ ሴት ልጅ ጠጉሯን የምትፈታው ለአንዲት እናት ብቻ ነው። የእርስዎ ቀን ሲደርስ ልጅ የላትም ተብሎ ነው የሚነበበው።»

«ይነበባ።»

«እስከ ነገ እንኳ ያስቡበት።»

«አሥራ አራት ዓመት አሰብኩበት። ጻፍ። የሚጠይቅ ካለ እኔ አለሁ።»

ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት እንጨቱ ተያያዘ። የኡሊ ልብሶች ጥቂት ነበሩ፤ ከላይ ያ ሰማያዊ ቀሚስ ተቀምጧል። ሳክዳ ቺቢንን አጠገቧ አቆመችና ጉትቾቿን አንድ በአንድ አወለቀች። ስድስቱንም መዳፏ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ቀዩን ክር ፈትታ ጉንጉኑን በጣቶቿ በታተነችው። ያንን ጠጉር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የጎነጎነችው ሳክዳ ራሷ ናት፤ ለደንገጡር ሰጥታ አታውቅም።

«እናቴ፣ ለእርስዎስ ማን ይፈታል?»

ሳክዳ ሰማያዊውን ቀሚስ አንስታ አስያዘቻት። ልጅቷ ግን ቀሚሱን እንደታቀፈች ዞራ ደረቷ ላይ ልትለጠፍ መጣች፤ የሳክዳ እጆችም ተዘረጉ። ሰብሰብ አደረገቻቸው። የልጅቷን ትከሻ ይዛ ወደ እሳቱና ወደ ሣጥኑ አዞረቻት።

«ሂጂ፣ እናትሽ ጋ» አለቻት።

ቺቢን ጠጉሯን ነፋስ እየበተነው ሄደች። ሳክዳ ቀዩን ክር በጉትቾቹ ላይ ጠቅልላ መዳፏን ጨበጠች።