ፀሐይ የማትገባበት ረመዳን

እና ያ የጥርሳቸው ብርጭቆ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ በየጠዋቱ መታጠቢያው ላይ ውሃ ውስጥ የሚያገጥብኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው አባቴን እስከ ትሮምሶ ያስላከኝ፣ ሚስቴ ጀዋሂር አንድ ቀንም ይሂዱ አላለችም፣ እኔ ነኝ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሳላቸው፣ አክታቸው፣ አባባ፣ ሙንተሃን ናፍቀዋታል፣ ልጅዎ አይደለች እንዴ፣ ኖርዌይ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ለጾም ይመችዎታል አልኳቸው።

ይመችዎታል። ትፍ።

አውቅ ነበር እኮ፣ እህቴ ነግራኛለች፣ በብርዱ ጊዜ ሁለት ወር አይነጋም፣ በሙቀቱ ሁለት ወር አይመሽም ብላ፣ እዚያ ያሉት ሙስሊሞች በመካ ሰዓት ነው የሚያፈጥሩት፣ የሰዓት ወረቀት አላቸው፣ አባባ ግን ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ስትገባ በዓይናቸው አይተው ነው የሚያፈጥሩት፣ ወረቀት መሽቷል አይለኝም ብለው ትናንት መስኮቱ ጋ ቁጭ እንዳሉ ነጋ። ሳይመሽ ይነጋል?

ዛሬ ስኳራቸው ወርዷል። እኔ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ትራም እየጠበቅኩ፣ ከፍሩሺሽት፣ ከኤርፖርቱ የጠዋት ፈረቃ ወጥቼ፣ ከሌሊቱ አሥር ጀምሮ የሰው ሻንጣ ስጭን ውዬ፣ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ አጠገቤ አንዱ ቋሊማ በሰናፍጭ ይጎርሳል፣ ከንፈሩ ቢጫ ሆኗል፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ እሱን ይሁን ራሴን የተጸየፍኩት አላውቅም፣ ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነኝ።

ስልኩ። ሙንተሃ ናት፣ ታለቅሳለች፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ ጭማቂውን እምቢ አሉኝ፣ ልጄ ጀይሉ ያለበት ካልመሸ አልቀምስም፣ እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም ይላሉ፣ ራስህ አነጋግራቸው።

ልጄ፣ ፍራንክፈርት መሽቷል? ጥርሳቸውን አላደረጉም፣ ድምፃቸው ይንሸራተታል፣ ቀኑም ሌሊቱም ጠፍቶባቸዋል። አዎ አባባ፣ አሁን ገባች። ወላሂ በል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አናቴን ፀሐይ ትጠብሰኛለች፣ ጾሜን ነኝ፣ ወላሂ አባባ፣ መንገዱ ላይ መብራት ሁሉ በርቷል።

ቢስሚላህ ሲሉ እሰማለሁ፣ ከዚያ ጉሮሯቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሙንተሃ ይጠጡ፣ ይጨምሩ ትላለች፣ ጭማቂው ያንቃቸዋል፣ ይስላሉ፣ ያው ያስጠላኝ ሳል፣ ይሳሉ ብቻ፣ ይሳሉ።

አንተም ቶሎ አፍጥር ልጄ፣ ስትለፋ ነው የዋልከው ይሉኛል።

እሺ አባባ እላለሁ፣ ሰውየው ጣቱን ይልሳል፣ ትራሙ መጥቶ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ ልትገባ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ይቀራታል