የቆራጩ ሰባት ዓመት

ደብዳቤው የደረሰው ሰኞ ጠዋት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሦስት መቶ ሰማያዊ ሸሚዞች ቁልፍ እየተተከለላቸው ሳለ ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። ግብር ቢሮው የሦስት ዓመት የደመወዝ ግብሯን ሊመረምር ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የሠራተኞች ዝርዝር፣ የክፍያ መዝገብና የቅጥር ውል ይዛ እንድትቀርብ ያዛል።

አሥራ አራት ሰዎች ይሠሩላታል። በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ያሉት፣ ግብር የሚቆረጥላቸው ግን አምስት ብቻ ናቸው። ዘጠኙ የሚከፈላቸው በፍሬ ነው፤ የሠሩት ይቆጠራል፣ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ፣ ደብተር ላይ ይፈርማሉ። ማንንም ለማታለል ብላ አልነበረም። በእናቷ ሳሎን በአንድ መኪና ስትጀምር እንዲያ ነበር፤ እንዲያው ቀጠለ።

ሒሳቡን የሚይዝላት ታናሽ ወንድሟ ደብዳቤውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከሰዓት በኋላ ግን መላ ይዞ መጣ።

«እቴቴ፣ ዘጠኙም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው የሚል የኮንትራት ውል እንጻፍ። ቀኑን ከሦስት ዓመት በፊት እናድርገው። ማን አልፈርምም ይልሻል?»

ሐሳቡ አላስጠላትም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።

በማግስቱ ጨርቅ የምታቀርብላት ነጋዴ ወደጠቆመቻት ጠበቃ ሄደች። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሦስት ወንበርና እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ፋይሎች አሉት። ጠበቃዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ደብዳቤውን ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች።

«ይኼ ከደረሰሽ ወዲህ የጻፋችሁት ወረቀት አለ?»

«የለም። ወንድሜ ውል እንጻፍ ብሎ ነበር፣ የኋላ ቀን አድርገን።»

«እንኳን አልጻፋችሁ። እስካሁን ያለብሽ ዕዳ ነው፤ ያን ብታደርጊ ወንጀል ይሆን ነበር። በይ አሁን ስለ ሰዎቹ ንገሪኝ፣ አንድ በአንድ።»

ነገረቻት። አምስቱ ሴቶች ቤታቸው፣ በገዛ መኪናቸው ነው የሚሰፉት። ከሌላም ቦታ ሥራ ይወስዳሉ፤ ሲያሻቸው አይመቸንም ይሏታል። የቀሩት አራቱ ስፌት ቤቱ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቆራጩ ነው።

«ሚሊሜትር ነው የምንለው። መቀሱ አይስትም።»

«ስንት ሰዓት ይገባል?»

«ሁለት ሰዓት። እኔ ሳልከፍት በር ላይ አገኘዋለሁ።»

«መቅረት ሲፈልግስ?»

«ያስፈቅደኛል።»

«መቀሱ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሌላ ቦታ ይሠራል?»

«በምን ጊዜው?»

ጠበቃዋ መልሱን ጻፈችው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ጆሮ ላይ የራሷ ድምፅ ቀረ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሚሊሜትር ሦስት ጊዜ «ቋሚ አድርጊኝ» ብሏታል፤ ሦስቱንም ጊዜ «እስቲ ሥራው ይጠንክር» ብላ መልሳዋለች።

«ሠራተኛዬ ነበር ለካ» አለች።

«አራቱም። እሱን እኛው ቀድመን እንናገራለን። ስለ አምስቱ ግን እንከራከራለን።»

ጠበቃዋ ውክልና ተቀበለች፤ የሠላሳ ቀን ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃም አስፈቀደች። ወንድምዬው ግን አልተዋጠለትም።

«በገዛ እጃችን እንጋለጥ?» አላት።

«ሰዎቹ በየሳምንቱ ደብተራችሁ ላይ ፈርመዋል» አለችው ጠበቃዋ። «ኦዲተሩ ማንበብ አይችልም ብለህ ነው?»

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የሦስት ዓመቱን ደብተር ገጽ በገጽ ለቀመ።

ሴትየዋን ከሁሉ የከበዳት ቆራጩን ማናገር ነበር። ካኪ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ አገኘችው።

«ኦዲት መጥቶብናል። ስለ አንተም ይጠይቁሃል፤ እንዳለው ተናገር።»

«እንዳለው ከሆነ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልህ። ድሮ ዝርዝሩ ላይ ልጽፍህ ሲገባኝ አልጻፍኩህም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። ቀና ሳይል ጨርቁን በመዳፉ አስተካከለ።

«እኔ እኮ ሥራዬን ያልወደድሽው ይመስለኝ ነበር» አለ። ቀጥሎም «ታዲያ ከንግዲህ ግብር ይቆረጥብኛል?» ሲል ጠየቀ።

«ይቆረጣል። ጡረታም ይዋጣልሃል።»

«ይቆረጥ። እኔም ስቆርጥ ነው የኖርኩት።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የእሷ ሳቅ ግን መሐል ላይ እንባ ሆነ።

ኦዲተሩ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። የአራቱን ጉዳይ ሳይጠይቅ ስለነገሩት ፋይሉን አገላብጦ አለፈው። አምስቱን ሴቶች ግን በዝርዝሩ ሊያስገባ ፈለገ። ጠበቃዋ ከሌሎች ስፌት ቤቶች የተከፈሉበትን ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከሴቶቹ አንዷም በራሷ ፈቃድ መጥታ ነበር።

«እኔን ማንም አልቀጠረኝም፤ እሷ ደንበኛዬ ናት» አለችው። «ደግሞ ዋጋ ትከራከራለች።»

ኦዲተሩ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

ውሳኔው ከስድስት ሳምንት በኋላ ወጣ። አምስቱ ሴቶች ከዝርዝሩ ውጭ ቀሩ፣ አራቱ ገቡ። ግብሩና ወለዱ በአሥራ ስምንት ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተፈቀደ፤ ቀድማ በማመልከቷ ቅጣቱ አብዛኛው ተነሣላት። ልትገዛው ያሰበችው የጥልፍ መኪና ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ቀረ። ስፌት ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ ከአሥራ አራቱ አንድም ሰው ሥራ አልፈታም።

በወሩ መጨረሻ ወንድሟ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ስም ያደገውን የደመወዝ ዝርዝር ሲያስፈርም፣ ቆራጩ ፈርሞ እዚያው ቆመ።

«የዓመት ፈቃድ አለኝ አይደል?» አለ።

«አለህ» አለችው።

«እህቴ ወልዳለች። ሳምንት እዚያ ልቆይ ብዬ ነው።»

ሄደ። በዚያ ሳምንት ጨርቁን ራሷ ቆረጠች። ሁለት እጅጌ አበላሸች፣ አውራ ጣቷ ውኃ ቋጠረ። ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውሎ ሥራው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ደህና ነው፤ አንተ ብቻ ሕፃኑን ሳምልን» አለችውና መቀሱን መልሳ አነሣች።